አምሮትን ከመሶቡ በፊት መግጠም፦ ከደብረ ብርሃን የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በምክር አገልግሎት ሥራዬ ስለ አመጋገባቸው ሊያማክሩ የሚመጡ ሰዎች ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ይናገራሉ። ምን መብላት፣ ምን መቀነስ እንዳለባቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ዕውቀቱ የሚጠፋቸው መሶቡ ሲከፈት ነው። እዚህ የምመዘግበው ጉዳይ የአንዲት የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነው። ወይዘሮዋ መሶቡ የሚከፈትበትን ቅጽበት አስቀድመው በሐሳባቸው እየተለማመዱ ከልክ በላይ መብላታቸውን በብዛት መግታት ችለዋል። ያልቻሉበትም ቦታ አለ፤ እሱንም አልዘለውም። ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።

ዳራ

ወይዘሮዋ በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ናቸው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ ቀኑን የሚያሳልፉት ወንበር ላይ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ባለቤታቸው በሥራ ምክንያት የወሩን አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ውጭ ይቆያሉ።

ወደ እኛ የተላኩት በጤና ጣቢያ የጾም ስኳር (በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር) ምርመራ ካደረጉ በኋላ ነው። ውጤቱ በዴሲ ሊትር 114 ሚሊ ግራም ነበር። ከ100 በታች ያለው ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። ክብደታቸው 83 ኪሎ፣ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከ58 ነበር። በክብደትና በቁመት ስሌት ይህ 33 ይመጣል፤ ከ30 ጀምሮ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ተብሎ ይመደባል። መድኃኒት አልታዘዘላቸውም። የተሰጣቸው ምክር ዳቦና ቅባት እንዲቀንሱ፣ በእግራቸው እንዲሄዱ ነበር።

ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን የተሰጠው የት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከሥራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ያለው ደግሞ ምድጃው አጠገብ፣ ዳቦው ካለበት ነው። ደጋው የገብስ አገር እንደመሆኑ ቆሎው፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ጠላውም ከዚያው ይወጣል። ቆሎ የማይገኝበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ወይዘሮዋ የመንዝ ተወላጅ ናቸው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜን ሸዋንም በመታበት ጊዜ ሕፃን ነበሩ። እናታቸው ከዚያ ወዲህ ትሪ ላይ ምግብ ተርፎ ማየት አይወዱም፤ «ያለ ጊዜ ይበላል» የሚለው ቃላቸው በቤቱ ሕግ ነበር። ወይዘሮዋ እስከ ዛሬ የልጆቻቸውን ትራፊ የሚጨርሱት ርቧቸው አይደለም፤ መድፋቱ ስለሚከብዳቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ውይይታችን፦ «ሰው የሚበላው ባጣበት አገር እኔ መብላት በዛብኝ ብዬ ላውራ? ያሳፍራል» አሉኝ። ይህን ኀፍረት አቅልሎ ማለፍ አይገባም። ያፈረ ሰው ተደብቆ ይበላል፤ ተደብቆ የሚበላ ደግሞ ምን ያህል እንደበላ አያውቅም።

ጾም አጥባቂም ናቸው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረውን የገና ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይውላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ገና ቢሮ ናቸው። እህል የሚቀምሱት ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቤት ሲገቡ ነው።

ችግሩ በቅርብ ሲታይ

ምክር ከመስጠት በፊት የሚበሉትን ብቻ ሳይሆን የት፣ ቆመው ወይስ ተቀምጠው፣ ከማን ጋር እንደሚበሉ በትንሽ ደብተር እንዲጽፉ አደረግን። ደብተሩ ከጠበቅነው በላይ ተናጋሪ ሆነ። ቁርስና ምሳ ላይ ምንም ችግር የለም። ነገሩ የሚጀምረው ማታ ነው።

በሩን ይከፍታሉ፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ድፎው የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጥ ያደርጉና ከጠርዙ ይቆርሳሉ። ቆመው ነው። ሻይ እስኪፈላ ሌላ ይቆርሳሉ፤ ከዚያ የቆሎው ጣሳ ይከፈታል። ልጆቹ ሲመጡ ለብቻቸው ራት እንዳይበሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ የእናት ወጉ ነውና። ትሪው ላይ የተረፈውንም ያነሣሉ። በደብተሩ ላይ «ራት» ተብሎ የተጻፈው የመጨረሻው ብቻ ነበር። ቆመው የበሉት በእሳቸው ግምት ምግብ አልነበረም።

ሌላው ቦታ ድግስ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ የማርያም ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ ከዚያ ላይ ሰንበቴው፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ አለ። በዚህ አገር «በቃኝ» ማለት የአስተናጋጅን እጅ እንደ መግፋት ስለሚቆጠር ሰው ጠግቦም ይበላል። በተጨማሪ አንዳንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለብቻቸው ወደ ጓዳ የሚመለሱበት ሰዓት ነበር፤ ስለዚህኛው በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን አንድ ትንሽ መረጃ ነው። አምሮቱ የሚጀምረው ጓዳ ሲደርሱ አልነበረም። አሥር ሰዓት ላይ፣ መዝገብ እየደረደሩ ሳለ፣ ድፎው በዓይነ ኅሊናቸው ይመጣል። ትኩስ ነው፤ ጠርዙ ይሰባበራል፤ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ አለው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በሐሳባቸው ሲበሉት ቆይተው ቤት ሲደርሱ እጃቸው ተለማምዶ ይጠብቃቸዋል። በሌላ አነጋገር ልምምዱ ቀድሞም ነበረ፤ የሚለማመዱት ግን መብላቱን ነበር።

ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። ዴቪድ ካቫና፣ ጃኪ አንድሬድና ጆን ሜይ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ አምሮት የሚነሣው ሳይጠሩት ብልጭ ከሚል ሐሳብ መሆኑን ያስረዳሉ። ሐሳቡ ቢተዉት ያልፋል። ሰውየው ምግቡን በምናቡ መሳል፣ ማሽተትና ማጣጣም ሲጀምር ግን ወደ ጽኑ ፍላጎት ያድጋል። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጉልህ ምስል ውስን ነው፤ ስለዚህ ሌላ ጉልህ ምስል ቦታውን ከያዘ አምሮቱ ይዳከማል። ሥራችንን የመሠረትነው በዚህ ላይ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ ወይዘሮዋ ራሳቸው የመረጡትን መንገድ ሞከርን። ለፋሲካ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ቀጥነው፣ ዘመድ ሲያደንቃቸው በየማታው ያስቡ ነበር። ደስ ይላቸው ነበር፤ ደብተሩ ላይ ግን ምንም ለውጥ አልታየም። ጋብሪየል ኧቲንገንና ቶማስ ዋደን እ.ኤ.አ. በ1991 ክብደት ለመቀነስ በሚታከሙ ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ስለ ውጤቱ የሚያምር ሕልም የሚያልሙት ከሌሎቹ ያነሰ ክብደት ቀንሰው ተገኝተዋል። ሕልሙ ደስታውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ጉልበት ግን አይሰጥም።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣውን የኬሪ ሞርዌጅና የባልደረቦቹን ሙከራ ተከተልን። በዚያ ሙከራ 30 ቸኮላት አንድ በአንድ ሲበሉ ያሰቡ ሰዎች፣ ሦስት ብቻ ሲበሉ ካሰቡት ይልቅ በኋላ ሲቀርብላቸው ጥቂት በልተዋል። ወይዘሮዋ ድፎውን ቁራሽ በቁራሽ በሐሳባቸው እንዲበሉ ጠየቅናቸው። ለእሳቸው አልሆነም። ከቀን ጾም በኋላ አራተኛው ቁራሽ ላይ ሲደርሱ ምራቃቸው ይሞላል፤ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ ልምምዱን አቋርጠው ይነሣሉ። ጥቂት ቁራሽ አስቦ ማቆም ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ከመቀስቀስ በቀር የሚሰጠው የለም። ጠግቦ ለሚለማመድ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ባዶ ሆድ ላይ ግን አልመክረውም።

ሦስተኛው መንገድ ነው የያዘው። የምግቡን ጣዕም ትተን የቅጽበቱን አካሄድ ብቻ አወጣን። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የተቆረጠ ዕቅድ ከደፈናው ፈቃድ ይልቅ እንደሚፈጸም ጽፏል። ያንን ዕቅድ በቃል ብቻ ሳይሆን በምስል አደረግነው።

ወይዘሮዋ ከቢሮ ከመውጣታቸው በፊት የመዝገብ መደርደሪያውን ይቆልፋሉ። ቁልፉ እጃቸው ላይ እንዳለ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚያዩት ይህን ነው፦ የቤታቸው በር ይከፈታል። የውስጡ ሙቀት ፊታቸውን ይነካል። አምሮቱ ይመጣል፤ እንዳልመጣ አያስመስሉም። እጃቸው ወደ ካፖርታቸው ቁልፍ ይሄዳል፤ ያወልቁታል፤ ከበሩ ጀርባ ይሰቅሉታል። ከዚያ ፔርሙዙን ያነሣሉ፤ ጠዋት የሞላ ሻይ ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ መዳፋቸው ይሞቃል። ይቀመጣሉ። ትንሿን ልጃቸውን ጠርተው ስለ ትምህርት ቤት ይጠይቃሉ። ጓዳ የሚገቡት ራት ሊያቀርቡ ነው፤ የሚቆርሱት ትሪ ላይ፣ ተቀምጠው ነው።

ካፖርቱ ለምን? ደብተሩ ላይ ቆመው የበሉበት ቀን ሁሉ ካፖርት የለበሱበት ቀን ስለነበረ ነው። ሻይ ለምን? ከዳቦው የሚፈልጉት ግማሹ ሙቀት ስለነበረ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከእኛ መጽሐፍ አናገኘውም፤ ከሰውየው ቤት ነው የሚወጣው።

ጎን ለጎን ሁለት ተጨባጭ ለውጦች ተደረጉ። ድፎው ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በጾም ቀን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ የሚቀምሱት ትንሽ የበሶ ጭብጦ ይዘው መሄድ ጀመሩ። የጾሙ ሰዓት ተፈጽሟልና የሕሊና ጥያቄ አላስነሣም። መጀመሪያ ላይ በባልደረቦቻቸው ፊት ለመብላት ትንሽ አፍረው ነበር፤ በኋላ ሁለቱ ባልደረቦች ተካፋይ ሆኑ።

የማኅበሩ ልምምድ

ድግሱ ከቤቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ሌላ ሰው አለበትና። ዝም ብሎ በሐሳብ መለማመድ ስላልበቃ በቢሮአችን እኔ አስተናጋጅ፣ እሳቸው እንግዳ ሆነን ጀመርን። «እባክዎ ትንሽ ይጨምሩ» ስላቸው ሳቁብኝ። «እንዲህ በቀስታ የሚለምን ማን አለ? ትከሻዬን ይይዛሉ፤ በሞቴ፣ አፈር ስሆን ይላሉ፤ እንጀራውን ከፊቴ ያነጥፋሉ» ብለው አረሙኝ። እውነታቸውን ነው። የተለማመዱት ልመና ከእውነተኛው ከቀለለ ልምምዱ ዋጋ የለውም።

ተነጋግረን የደረስንበት አካሄድ እንዲህ ነበር። ጉርሻን አይመልሱም፤ መመለስ ያስቀይማል፤ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው መከተሉም አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱን ተቀብለው ቀስ ብለው ያኝካሉ። ከዚያ ራሳቸው አጉራሽ ይሆናሉ፤ ለጎረቤታቸው፣ ለአስተናጋጇም። የሚያጎርስ እጅ ወደ ራሱ አፍ አይሄድም፤ ፍቅሩም አይጎድልም። ሲበቃቸው «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ጠግቤአለሁ፤ እጄን ልታጠብ» ብለው ይነሣሉ። ወሳኙ ነገር መታጠቡ ነው። በእኛ ማዕድ ላይ የታጠበ እጅ ወደ ትሪው አይመለስም፤ አስተናጋጇም ይህን ሥርዓት ስለምታውቅ ልመናዋን ወደ ቡናው ታዞራለች። ወይዘሮዋ የውኃውን ቅዝቃዜ በእጃቸው ላይ፣ ፎጣውን፣ ወደ ቡናው ረከቦት ዞሮ መቀመጡን በሐሳባቸው ደጋግመው አዩት። የማኅበሩ ዕለት ጠዋት አንድ ጊዜ፣ በር ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ ደግሞ በአጭሩ ይከልሱታል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የማታው ልምምድ በፍጥነት ሠራ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቆሞ መብላት ከደብተሩ ሊጠፋ ቀረበ። በሶው ያደረገው አስተዋጽኦ ከልምምዱ ያነሰ አይመስለኝም፤ ጭብጦውን የረሱባቸው የጾም ቀናት በደብተሩ ላይ ወዲያው ይለያሉ። በእነዚያ ቀናት በሩን ከፍተው ካፖርታቸውን ማውለቃቸውን እንኳ አያስታውሱም።

ማኅበሩ ላይ ከተጠበቀው በላይ ተሳካ። አንዲት አረጋዊት ብቻ «ምን ሆነሽ ነው፣ ታመሽ ነው?» ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ለዚህ መልስ አልተዘጋጀም ነበርና ወይዘሮዋ ደንግጠው አንድ እንጀራ በልተው ተነሡ። በሚቀጥለው ጊዜ መልሱ ተጨመረ፦ «ስኳሩ ሊጀምረኝ ነው ብለውኛል፤ እየተጠነቀቅሁ ነው»። ከዚያ ወዲህ እኚያው አረጋዊት በሌሎቹ ፊት ተከላካያቸው ሆነዋል።

ፋሲካ ግማሽ በግማሽ ነበር። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ የሚፈሰክበትን ሰዓት ተለማምደውበት ስለነበር አንድ የዶሮ ብልትና ግማሽ እንጀራ በልተው ተኙ። በማግሥቱ ወንድማቸው ቤት ግን ጥብሱም ጠላውም በዝቶ ዕቅዱ ፈረሰ። ቀድሞ ቢሆን «አንዴ ፈርሷል» ብለው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይቀጥሉ ነበር። አሁን ግን ከመፍረሱ በኋላ ያለውን ማዕድም አስቀድመን ተለማምደን ስለነበር የማክሰኞ ቁርሳቸው እንደ ወትሮው ሆነ። በእኔ ግምት ክብደት እንዲቀንሱ ከሁሉም የበለጠ የረዳቸው ይህ ክፍል ነው።

ያልሠራው ሌሊቱ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በተለይ ከባለቤታቸው ጋር በስልክ ተጋጭተው በዋሉበት ቀን፣ ወደ ጓዳ መሄዱ አልቀነሰም። ቅጽበቱን ብንለማመደውም ወደ ጓዳው የሚወስዳቸው ርሃብም ልማድም ሳይሆን ብቸኝነት ነበር። ለዚህ የተሻለው ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ማነጋገር ሆነ፤ እሱም ገና በሂደት ላይ ነው።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ክብደታቸው ወደ 78 ኪሎ ወረደ። የጾም ስኳሩ 104 ሆነ፤ አሁንም ቅድመ ስኳር ነው። በእግር ወደ ሥራ መሄድ ስለጀመሩ ለውጡን ሁሉ ለልምምዱ መስጠት አይቻልም። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሙከራ በምናብ ልምምድ የሠለጠኑት በስድስት ወር በአማካይ ከአራት ኪሎ በላይ ሲቀንሱ፣ በንግግር ምክር ብቻ የታገዙት አንድ ኪሎ እንኳ አልሞሉም። የወይዘሮዋ ውጤት ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ ነው።

ለሌሎች የሚተርፈው

ልምምዱ የሚሠራው ቅጽበቱ በትክክል ሲታወቅ ነው። «ማታ ላለመብላት» የሚባል ነገር መለማመድ አይቻልም፤ ካፖርት ማውለቅን፣ ፔርሙዝ ማንሣትን፣ እጅ መታጠብን ግን ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩ፣ ከዚያ ምስሉ። በምስሉ ውስጥ ምግቡን ማሳመር አያስፈልግም፤ ሽታውንና ጣዕሙን ትቶ እጅ የሚሠራውን፣ አፍ የሚናገረውን ማየት ይበቃል። ተቃውሞውም ይግባበት፤ አምሮቱም፣ «በሞቴ» ባይዋም፣ ያልተጠበቀው ጥያቄም።

የምንለማመድበት ሰዓትም ይወስናል። ከቅጽበቱ በጣም የራቀ ልምምድ ይረሳል፤ ጓዳው ደጃፍ ላይ የሚጀመር ደግሞ ዘግይቷል። ለወይዘሮዋ የመደርደሪያው ቁልፍ ምልክት ሆነላቸው፤ ለሌላው ታክሲ መሳፈሪያው ወይም የሱቁን በር መዝጋቱ ሊሆን ይችላል።

እውነተኛ ርሃብን በምናብ ለማሸነፍ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የዋለ ሆድ በሶውን ይፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የጾምና የመብላት ሰዓቱን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። ከበላ በኋላ ሆን ብሎ የሚያስመልስ፣ ወይም ማቆም እስኪያቅተው ድረስ ተደብቆ የሚበላና ከዚያ በጸጸት የሚሰቃይ ሰው ሲመጣ ደግሞ ይህ ልምምድ ይቆይ፤ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ መላኩ ይቀድማል።